ውሻቸው ለሞተባቸው ጡረተኛ ወላጆች አዲስ ውሻ ስንመርጥ

ውሻ ሲሞት ድንኳን አይጣልም። ዕድርም አይጠራም። ጎረቤት «ውይ፣ ሞተ እንዴ?» ይላል፣ ያልፋል። ጡረታ የወጡ እናትና አባት ቤት ውስጥ ግን የውሻው አለመኖር ቀኑን ሙሉ ይታወቃል። ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል ወይ ባሕር ማዶ ናቸው። ጠዋት በር ሲከፈት ጭራውን እየቆላ የሚቀበላቸው፣ ማታ በር ሲንኳኳ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማው፣ አባት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ እግሩ ሥር የሚጋደመው እሱ ነበር።

ታዲያ ልጆች ምን እናስባለን? ቶሎ ቡችላ እናምጣላቸው እንላለን። ያውም ለበዓል፣ ያውም ሳንነግራቸው፣ ካርቶን ውስጥ አድርገን። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉት። የቀድሞው ውሻ ቡችላ ሆኖ ሲገባ አባታችሁ ገና ሥራ ላይ ነበር፣ እናታችሁም ባልዲ ሙሉ ውኃ በአንድ እጅ ታነሳ ነበር። ዛሬ የገባ ቡችላ ደግሞ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ትንሽ ዝርያ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመትም ሊኖር ይችላል። እስቲ ያንን ቁጥር በወላጆቻችሁ ዕድሜ ላይ ደምሩት።

አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። የሚገባው ውሻ ከወላጆቻችሁ የዛሬ ጉልበት፣ የዛሬ ቤትና የዛሬ አዋዋል ጋር መስማማት አለበት። ከሞተው ውሻ ጋር መመሳሰሉ አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። መሃል ከተማ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታ፣ ኡራኤል አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆች ብዬ ነው የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ ራሳቸውን ጠይቁ

ቡና ተፈልቶ ሁሉም ቁጭ ባለበት ሰዓት አንሱት። «እማዬ፣ ሌላ ውሻ ብናመጣ ምን ትያለሽ?» በሏት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ሁለተኛ ውሻ የሚባል እዚህ ግቢ አይገባም!» ነው። አትከራከሯት። ግን በዚያው አትተዉት።

እምቢታው ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ሐዘን ነው፣ እንደገና ለምጄ እንደገና ልቀብር ነው ወይ ነው ነገሩ። ይሄ ጊዜ ሲያልፍ ይለዝባል። ሁለተኛው ድካም ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጎንበስ ብላ ሳህን ማንሳት ከብዷታል፣ ግቢ መጥረግ አቅቷታል፣ ለልጆቿ ግን «አቃተኝ» ማለት አትወድም። ይሄኛው በጊዜ አይለዝብም፣ መፍትሔ ነው የሚፈልገው። ለመለየት ስለ ሞተው ውሻ አጫውቷት። ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት፣ እህል እምቢ ስላለበት ጊዜ ካነሳች ሐዘኑ ገና አልወጣላትም። ስለ ማጽዳቱ፣ ስለ ማብሰሉ፣ ሌሊት ተነስቶ በር ስለ መክፈቱ ካነሳች ሥራው ነው የከበዳት፣ እናንተም ስለ ሥራው ነው መነጋገር ያለባችሁ።

ስንት ጊዜ ይጠበቅ ለሚለው የተቆረጠ ቀን የለም። አንዱ በወሩ ይጠይቃል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። የሞተውን ውሻ ተንኮል እያነሱ መሳቅ ሲጀምሩ፣ የጎረቤት ውሻ ሲያዩ ቆም ሲሉ፣ ሳህኑን ራሳቸው አጥበው ሲያስቀምጡ ጥሩ ምልክት ነው። እስከዚያ ሰንሰለቱንም ሆነ ሳህኑን ሳትጠይቋቸው አትጣሉ። «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ» የሚል ዘመድ ከመጣም ወሬውን አስለውጡት።

አንዱ ፈልጎ ሌላው እምቢ ካለስ? በብዙ ቤት አባት ይመርጣል፣ እናት ታበላለች። እኔ እንደሚመስለኝ ውሳኔው በየቀኑ ሳህኑን የሚሞላው ሰው ነው። እሷ እምቢ ካለች ይቆይ።

አንድ ነገር ሳትረሱ አጣሩ፣ የቀድሞው ውሻ በምን ሞተ? በእርጅና ከሆነ ምንም የለም። ፓርቮ በሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ከሆነ ግን ቫይረሱ አፈር ውስጥ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ ግቢ ማስገባት ለሞት መስጠት ነው። ሲሚንቶውንና ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ አፈሩን ግን በዚህ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ ክትባቱ የተሟላ፣ ያደገ ውሻ ምረጡ። የእብደት በሽታ ጥርጣሬ ከነበረ ደግሞ አዲስ ውሻውን ተዉትና ለሃጩ የነካቸውን ሰዎች ሁሉ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ውሰዱ።

2. ቤቱን በውሻ ዓይን እዩት

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ሰው ከግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የቀድሞው ውሻ የግቢ ውሻ ነበር። አዲሱ የግቢ ውሻ መሆን የማይችልበት ቤት ውስጥ ሊገባ ነው ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሦስት ነገር ቁጠሩ። ስንተኛ ፎቅ ነው? ብዙዎቹ የቆዩ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች አሳንሰር የላቸውም፣ ውሻ ደግሞ ለመሽናት ብቻ በቀን ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ መውረድ ይፈልጋል። የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ልያዝ ካለ የሚያወርድለት ሰው በስም መታወቅ አለበት። ቀጥሎ ጎረቤት ነው። ግድግዳውም ደረጃውም የጋራ ነው፣ ከማምጣታችሁ በፊት ከላይና ከታች ያሉትን አናግሩ፣ የብሎኩን ኮሚቴም ጠይቁ። ሦስተኛው ቤተሰቡ ውሻ ቤት ውስጥ እንዲገባ መፍቀዱ ነው። ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ብዙ ክርስቲያን ወላጆች ውሻ ጸሎት የሚደረግበት ክፍል እንዲገባ አይወዱም፣ ሙስሊም ወላጆች ደግሞ ለሃጩ ልብሳቸውን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። እምነታቸውን ለማስቀየር አትሞክሩ። በረንዳ ወይም መግቢያ ላይ የሱ ብቻ የሆነ ቦታ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ያ ካልተቻለ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ ባይገባ ይሻላል። ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ይሰቃያል፣ ሲጮህ ይውላል፣ ጎረቤትም ያስቀይማል።

ግቢ ያላቸው ወላጆች ዕድለኞች ናቸው። ግን አጥሩን ዙሩት። የቆርቆሮ አጥር ከሥር ተበልቶ ክፍተት ይኖረዋል፣ ትንሽ ውሻ በዚያ ይሾልካል። ውጭ የወጣ ውሻ መኪና ይገጨዋል፣ ከጎዳና ውሾች ጋር ይናከሳል፣ መርዝም ሊበላ ይችላል። በሩ እንደተከፈተ የሚቀር ከሆነ፣ ሰርቪስ የተከራዩ ሰዎች የሚወጡ የሚገቡበት ግቢ ከሆነ፣ ይሄን ከተከራዮቹ ጋር ጨርሱ።

3. ማን ይረከበዋል?

ወንድምና እህት ተሰብሰቡ፣ በስልክም ቢሆን። አሜሪካ ያለው ልጅ ብር ሊልክ ይችላል፣ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ሐኪም ጋ ይወስዳል፣ የክትባት ቀን ይይዛል። ወላጅ ሆስፒታል ሲተኛ ማን ያበላል? እናታችሁ ልጇን ልታርስ ዋሽንግተን ሄዳ ስድስት ወር ብትቆይ፣ አባታችሁም አብሮ ቢሄድ፣ ውሻው የት ይሄዳል? የዘበኛው ነው፣ የሠራተኛዋ ነው፣ ብላችሁ አትለፉት። እነሱም ሥራ ይለቃሉ።

ወላጆቻችሁ ውሻውን ቀድመው ቢያልፉስ? ጥያቄው ይከብዳል፣ ግን ብዙ እናቶች በሆዳቸው ይዘውት ዝም የሚሉት ይሄንኑ ነው። «ለእሱ አታስቢ፣ እኔ ጋ ይመጣል» የሚል ልጅ አንድ ሲገኝ እሺታቸው ይፈጥናል። የማታደርጉትን ግን ቃል አትግቡ።

4. ዕድሜ ከዝርያ ይቀድማል

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ነው፣ ጀርመን ነው?» ብሎ ነው። ለጡረተኛ ወላጅ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ መሆን አለበት። ምክሬ ግልጽ ነው፣ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆነው፣ ጠባዩ የታወቀ ትልቅ ውሻ ውሰዱላቸው።

ቡችላ ደስ ይላል። ግን ሌሊት ያለቅሳል፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይሸናል፣ ጫማ ይበላል፣ የነጠላ ጥለት ይጎትታል፣ ጥርሱም እንደ መርፌ ነው። ከሁሉ የከፋው እግር ሥር መግባቱ ነው። በ70 ዓመት መውደቅ የዳሌ አጥንት መሰበር ሊሆን ይችላል። አባታችሁ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ትንሽ ጭረት ራሷ ቶሎ አትቆምም። የስኳር ሕመም ካለ ደግሞ የእግር ቁስል በቀላሉ የሚድን ነገር አይደለም። የሚዘል፣ የሚቧጭር፣ ተረከዝ የሚነክስ ውሻ ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም።

ትልቅ ውሻ አይለምድም የሚባለው ነገር ልክ አይደለም። ይለምዳል። በየቀኑ በሰዓቱ የሚያበላውንና በእርጋታ የሚያናግረውን ሰው ይከተላል።

መጠኑስ? ከ8 እስከ 20 ኪሎ ያለው መካከለኛ ውሻ ይበቃል። ታሞ ቢወድቅ ሁለት ሰው ያነሳዋል፣ ቢጎትትም ሰው አይጥልም። አባቶች ጀርመን ሼፐርድ ይወዳሉ፣ ለጥበቃ ይሆናል ይላሉ። ወንዱ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ በየቀኑ ረጅም እንቅስቃሴ ይፈልጋል፣ ሲያረጅ ዳሌው ብዙ ጊዜ ይታመማል። ሌባ ደግሞ የሚሸሸው ጩኸት ነው፣ ለዚያ የሀበሻ ውሻ ይበቃል።

ስለ ሀበሻ ውሻ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ተራ ውሻ እያለ ይንቀዋል፣ ለእኔ ግን ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ እሱ ይመረጣል። ፀጉሩ አጭር ነው፣ የክረምት ጭቃ አይዝበትም፣ አየሩን ለምዶታል፣ በመጠኑ ይበላል፣ ቤቱን ያውቃል። ፑድልና ማልቲዝ የመሳሰሉት ለኮንዶሚኒየም በመጠናቸው ይመቻሉ፣ ግን ፀጉራቸው በየጊዜው መበጠርና መቆረጥ አለበት። የእጅ አንጓ ሕመም ያለባት እናት ይሄን ማድረግ አትችልም።

ሴት ወይስ ወንድ የሚለው ብዙ አያጨቃጭቅ። ሴቷ ካልመከነች በየስድስት ወሩ ገደማ ትፈልጋለች፣ ያኔ ለሦስት ሳምንት ያህል የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል፣ ከዚያ ቡችላ ማደል ይመጣል። ሐኪም ጋ ወስዶ ማምከን፣ ወንዱንም ማኮላሸት፣ ይሄን ሁሉ ያስቀራል።

5. ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው ምርጫ ከሚያውቁት ሰው ነው። ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ ውሻውን የሚሰጠው ሰው አጥቶ ይጨነቃል፣ ዘመድ አዝማድ ጠይቁ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የብዙ ኤምባሲዎች ከተማ ናት፣ የሥራ ጊዜያቸውን ጨርሰው የሚሄዱ የውጭ ሰዎች የተከተበ፣ ካርድ ያለው፣ ሰው የለመደ ውሻ ትተው ይሄዳሉ። እነዚያ ቤት የሚሠሩ ዘበኞችና ምግብ አብሳዮች ማን መቼ እንደሚሄድ ያውቃሉ፣ እነሱን ጠይቁ። የጎዳና ውሾችን አንስተው የሚያሳክሙ በጎ ፈቃደኞችም አሉ፣ የአንዱን ውሻ ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ውሻው ቀድሞ መጥቷል። በራችሁ ላይ የሚያድር፣ እናታችሁ ፍርፋሪ የምትሰጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ውሻ ካለ ሌላ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት እሱን እዩት። ሐኪም አይቶት፣ ተከትቦ፣ የትል መድኃኒት ተሰጥቶት ሊገባ ይችላል።

መንገድ ዳር ታቅፎ የሚሸጥ ቡችላ አትግዙ። አንጀታችሁ ይላወሳል፣ አውቃለሁ። ግን ብዙዎቹ ከእናታቸው ያለጊዜያቸው የተነጠሉ ናቸው። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት፣ ንክሻውን መመጠን የሚማረው እዚያ ነው። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ ውሻውን በአካል ሳታዩ ቀብድ አትላኩ፣ ያለበት ቤት ካልወሰዷችሁም ተዉት።

6. ውሻውን ስታዩት

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በፎቶ አይመረጥም። ከተቻለ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት እዩት።

ከሩቅ ጀምሩ። አካሄዱን እዩ፣ እግሩን ይጎትታል? ከዚያ ቀርባችሁ ድዱን እዩ፣ ሮዝ መሆን አለበት፣ ከነጣ የደም ማነስ ወይም ትል ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ፈሳሽ አለው? ጆሮው ይሸታል? ከጆሮው ጀርባና ጣቶቹ መሃል መዥገር ፈልጉ። ፀጉሩ የተመለጠ፣ ቆዳው የሻከረ ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አይገባም። ዕድሜውን የሚዋሽ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥርስ ይነግራችኋል። የፊት የወተት ጥርሶች መለወጥ የሚጀምሩት በአራት ወር ገደማ ነው፣ በሰባት ወሩ ሁሉም ተለውጠው 42 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የጥርሱ መበላትና ቢጫ መሆን እያደር ይጨምራል።

ጠባዩን ግን በጥርስ አታውቁትም፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እናታችሁ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ አትጥራው፣ ትጠብቅ። በራሱ ጊዜ መጥቶ አሽትቷት አጠገቧ የሚቆም ውሻ ጥሩ ነው። ዘሎ ጭኗ ላይ የሚወጣው ለጊዜው ደስ ይላል፣ በኋላ ግን ይጥላታል። ጥግ ይዞ የሚያጉረመርመውን ልምድ ላለው ሰው ተዉት። አባታችሁ በምርኩዝ የሚሄድ ከሆነ በምርኩዙ አጠገቡ ይለፍ። ተመትቶ ያደገ ውሻ ምርኩዝ ሲያይ ይሸሻል ወይም ይናከሳል። ነጠላ ተጣጥፎ ሲዘረጋ፣ የድስት ክዳን ሲወድቅ ምን ያደርጋል? መደንገጡ ምንም አይደለም፣ ቶሎ መረጋጋቱን ነው የምታዩት። ሲበላ ባለቤቱ ሳህኑ አጠገብ እንዲያልፍ ጠይቁት፣ እናንተ አትሞክሩት። የልጅ ልጆች የሚመጡበት ቤት ከሆነ ሲበላ የሚያጉረመርም ውሻ አይወሰድም። በመጨረሻ በገመድ አስራችሁ አባታችሁ ይዞት ትንሽ ይራመድ። ክንዱን ከጎተተው መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

ባለቤቱን ለምን እንደሚሰጠው ጠይቁት። «ነክሶ ያውቃል?» በሉት፣ በግልጽ። መልሱንም ዘበኛው ወይም ጎረቤቱ ከሚለው ጋር አነጻጽሩት። ስትስማሙ ለሦስት ሳምንት ሙከራ ይሁን በሉ፣ ካልሆነ እንደሚመለስ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

7. ቤት ከመግባቱ በፊት ሐኪም

የክትባት ካርድ ካለው ቀኑን አንብቡ። ካርድ ከሌለው እንዳልተከተበ ቁጠሩት። የእብደት በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይቀጥላል። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ይሄም ሌላ ተላላፊ የውሻ በሽታ ነው) ክትባት ለብቻው ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። የትል መድኃኒትም ይውሰድ። ወላጆቻችሁ መኪና ከሌላቸው ቤት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ፣ በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትም የክትባት ዘመቻ መኖሩን ጠይቁ። ከማምጣታችሁ በፊት የሐኪሙ ስልክ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

8. ግቢውን ማዘጋጀትና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የውሻ ቤቱ ወለል ከመሬት ከፍ ይበል፣ በሩ ከነፋስ ዞር ይበል፣ ጣሪያው አያፍስስ። የቀድሞውን ቤት መጠቀም ይቻላል፣ ታጥቦ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ያውም ወላጆቻችሁ ከፈቀዱ። ሳህኑን በርጩማ ነገር ላይ ከፍ አድርጉት፣ ጎንበስ ማለቱ ይቀንስላቸዋል። የጓሮ ጎመንና ጤና አዳም ካለ ዙሪያውን አጥሩለት። ስሙ አዲስ ይሁን ወይም የመጣበት ይቆይ፣ የሞተውን ስም አትስጡት። እናት በጠራችው ቁጥር ከፊተኛው ጋር ታስተያየዋለች።

ከበዓል በኋላ አምጡት። በዘመን መለወጫ ርችት አለ፣ በመስቀል ደመራና ችቦ፣ በፋሲካ እንግዳ ይበዛል፣ አዲስ ውሻ በዚያ መሃል ይደነግጣል፣ በተከፈተ በርም ያመልጣል። ጠዋት አምጡት፣ እስኪመሽ ቦታውን ይልመድ። በገመድ እንዳለ ግቢውን አዙሩት፣ የሚሸናበትን ጥግ አሳዩት፣ እዚያ ሲሸና አሞግሱት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ዘመድ ሊያየው አይምጣ። ላይበላ ይችላል፣ ሊደበቅ ይችላል። በሦስት ሳምንት ገደማ የቤቱን ሰዓት ይይዛል፣ በደንብ ቤተኛ ለመሆን ግን ሦስት ወር ያህል ይፈጃል።

ቆሻሻ ሰብሳቢዋን፣ ቆጣሪ የሚያነበውን ልጅ፣ በር ላይ «ስለ እመብርሃን» የሚሉትን አዛውንት ታስሮ ሳለ ቀስ በቀስ አለማምዱት። እናታችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ኪዳን የምትሄድ ከሆነ ቀድሞ መታሰሩን ወይም በሩ መዘጋቱን ታረጋግጥ። ውሻ ይከተላል፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ ይሄዳል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ መንገዱ የጎዳና ውሾች ነው። ለእግር ጉዞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰውም በዝቶ።

9. ምግብ፣ ጾምና በዓል

እዚህ ላይ የቤቱን ማብሰያ የምትይዘውን ሰው በደንብ አነጋግሯት። የወጥ ፍርፋሪ ለውሻ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ቁሌት ነው። ለብቻው የተቀቀለ ሩዝ ወይም ፓስታ ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ፣ ይበቃዋል። ትንሽ እንጀራ አይጎዳውም። ዘቢብና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። የሰው ማስታገሻም አይሰጠው፣ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ሥጋ አይገባም፣ ውሻው ግን አይጾምም። ቀድማችሁ ደረቅ የውሻ ምግብ ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ ወይም የማይጾም ጎረቤት በሥጋ ቤት በኩል እንዲረዳ ተነጋገሩ። ሽሮና ምስር ብቻ እየበላ ሁለት ወር መክረም የለበትም።

በግ ሲታረድ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻው ጥሬውን አትወርውሩለት። ውሻው ያን ሲበላ ትል ይይዘዋል፣ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ሰው እጅ ላይ ከደረሰ የሰውን ጉበትና ሳንባ ይይዛል። ያን ክፍል ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻው የሚሰጠው ሥጋ ሁሉ ይቀቀል። ከበዓል በኋላም ሐኪሙን ስለ ትል መድኃኒት ጠይቁት።

10. ቢነክስስ?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳያስበው ቢያመልጠው እንኳ። ስለዚህ የክትባት ካርዱ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም። ድሮ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ሰፈር እስከ ዛሬ ፓስተር ነው የሚባለው፣ የከተማው ሰው ለውሻ ንክሻ መጀመሪያ የሚጠራው ስም እሱ ነው። ጸበሉም ጸሎቱም ይሁን፣ ክትባቱ ግን ለነገ አይባልም፣ የእብደት በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። የነከሰው ውሻ አይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

11. ካልተስማሙስ?

ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቋቸው። አብረው ሲጠየቁ አንዱ ለሌላው ብሎ እሺ ይላል። እናታችሁ «ለምደነዋል» ካለች ይቆያል። በውሻው ምክንያት ወደ ጓሮ መውጣት የፈራች፣ እንቅልፍ ያጣች ወይም እጇን የተቧጨረች ከሆነ ግን ቶሎ መልሱት። አታሳፍሯት፣ «ትንሽ ታገሺ» ብላችሁም አታራዝሙት። ሌላ ውሻ ይገኛል። ሲመለስም የሚበላውን፣ የወሰደውን ክትባትና ያያችሁትን ጠባይ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ ቀጥሎ ለሚወስደው ሰው ይጠቅማል። የቀድሞ ባለቤቱን ስልክ ቁጥርም ሙከራው እስኪያልቅ አታጥፉት።